የመምህርቷ አንገት

መምህርቷ እንቅርቷን ልታስወጣ ሆስፒታል የገባች ቀን፣ በሴቶች ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ መግባቷን አወቀ። ዕድሜዋን ሙሉ ትንንሽ ልጆች ስታስተምር የኖረች ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግድግዳ ይበሳል። ከበሩ ላይ ሆና "እንደምን ዋላችሁ?" ስትል፣ ከጥግ የተኙት አሮጊት እንኳ ከእንቅልፋቸው ባነው "ደህና ነን ልጄ" አሉ። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቦርሳዋን አንጠልጥሎ ከኋላዋ ሲገባ ነርሷን አየና ቀልድ ጀመረ።

"ሲስተር፣ እንቅርቱን ስታወጡላት ድምፅዋንም ትንሽ ቀንሱልኝ።"

"መቀነስስ አንተን ነበር!" አለች መምህርቷ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ነርሷን ሚጣ ነው የሚሏት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። ሥራዋን ታውቃለች፣ ግን ፈሪ ናት፤ ይህንንም ራሷ አትደብቀውም። መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ደጋግማ ታነባለች። ቤቷ ገብታ እራት ስትበላ በመሃል "የዚያችን ሴትዮ ግሉኮስ ዘግቼዋለሁ?" ብላ ማንኪያዋን ታስቀምጣለች። እናቷ "አንቺ ልጅ፣ በሞቴ፣ ሆስፒታሉን ተሸክመሽ ቤት አትግቢ" ይሏታል።

በማግስቱ ጠዋት መምህርቷ ኦፕሬሽን ክፍል ገባች። እኩለ ቀን ላይ ተመለሰች። አንገቷ ላይ ነጭ ፋሻ ተለጥፏል፤ ከፋሻው ሥር ደም የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ከአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ጋር ተገናኝቷል። ቀዶ ሕክምናውን የሠራላት ሐኪም ወደሚቀጥለው በሽተኛ ከመሄዱ በፊት በጥድፊያ ብቅ አለ።

"ጥሩ ነው የሄደው። ድምፅዋ ለጥቂት ቀን ሊሻክር ይችላል፣ አትደንግጡ። አንገቷ ካበጠና ትንፋሽ ካጠራት ግን እኔን አትጠብቁ። እዚሁ ስፌቱን ክፈቱት።"

እንቅርት በሠራ ቁጥር ይህንን ይላል። ነርሶቹም በሰሙት ቁጥር "እሺ ዶክተር" ይላሉ። ከመካከላቸው ከፍቶ የሚያውቅ ግን አልነበረም። በአልጋው ራስጌ አንዲት የታሸገች ጥቅል በፕላስተር ተለጥፋለች፤ ለዚያ ክፉ አጋጣሚ የተዘጋጀች መክፈቻ ናት። ተለጥፋ ትኖራለች እንጂ ተነክታ አታውቅም።

የዚያን ቀን ከሚጣ ጋር ተረኛ የነበረው አንጋፋው ነርስ ነው። ሰው ሲዋከብ "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" ማለት ስለሚወድ ጋሽ ቀስበሉ ይሉታል። ሥራውን የሚያውቅ፣ የማይቆጣ፣ ብዙ ነገር ያየ ሰው ነው። ሚጣ ከእሱ ጋር ተረኛ ስትሆን ልቧ ያርፋል።

ከሰዓት በኋላ ጠያቂ መግባት ጀመረ። ሚጣ የመምህርቷን የደም ግፊት ለካች፤ ጥሩ ነው። ጣቷ ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያም ጥሩ ያሳያል። ፋሻው ደረቅ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ደም ጠብ ብሏል፤ የሚጠበቅ ነው።

"ቲቸር፣ እንዴት ነዎት?"

"ትራስ ጨምሪልኝ" አለች መምህርቷ። ድምፅዋ ሻክሯል።

"ሰማሽ ሲስተር?" አለ ባሏ እየሳቀ። "ዶክተሩ ቃሉን አከበረ፤ ድምፁን ቀንሶልኛል።"

ሚጣም ፈገግ ብላ ትራሱን ጨምራ ወደሌሎቹ አልጋዎች ሄደች።

ጥቂት ቆይቶ፣ ሚጣ ጥግ ለተኙት አሮጊት ፋሻ ስትቀይር፣ ባልየው ሰው ጠራ። ጋሽ ቀስበሉ ሄደ። መምህርቷ "አንገቴን ጠበበኝ" አለችው። ፋሻውን አየ፤ ደም የለበትም። መለኪያውን አየ፤ ጥሩ ነው። "ከማደንዘዣ የነቃ ሰው እንዲህ ይለዋል፤ ፍርሃትም አለበት። አይዞሽ" ብሏት ተመለሰና ሚጣን "ለመምህርቷ ማስታገሻዋን ስጪያት፣ ጭንቅ ብሏታል" አላት።

ሚጣ መርፌውን አዘጋጅታ ስትመጣ፣ መምህርቷ ጋደም ብላ አላገኘቻትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እግሮቿን አንጠልጥላ፣ ሁለት እጆቿን ፍራሹ ላይ ተክላ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቷን ወደፊት አስግጋለች። ማንንም አታይም። የውሃ ብርጭቆ አጠገቧ አለ። ባሏ አጠጥቷት መዋጥ ስላቃታት በአገጯ ወርዶ ልብሷ ርሷል።

ባልየው አሁን አይቀልድም። ሚጣን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ በሹክሹክታ ተናገረ።

"ሲስተር፣ ሚስቴ ፈሪ አይደለችም። ጥርሷን ሲነቅሏት እንኳ በሐኪሙ ላይ ስትቀልድ ነበር። ትናንት ማታ የፈራሁት እኔ ነኝ፣ ያጽናናችኝ እሷ ናት። አሁን ዓይኗን ስታዪው ግን..."

አልጨረሰውም።

ሚጣ መርፌውን አስቀመጠች። ዓይኗ መጀመሪያ ወደ መለኪያው ሄደ፤ ቁጥሩ አሁንም ጥሩ ነው። የልብ ምቷ ፈጠን ብሏል፤ ሕመምም ያፈጥነዋል። ወደ ጠርሙሷ አየች። ቅድም ያየችው ደም ያው ነው፣ ጠብታ አልጨመረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ተመስገን፣ ቆመ" ትል ነበር። አሁን ግን ቱቦውን እስከ ፋሻው ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ቆሞ ነው ወይስ መውጫ አጥቶ?

ጎንበስ አለች። እኩለ ቀን ላይ ራሷ ጠርዙን ያስተካከለችው ፋሻ ነው፤ ያኔ ጣት ያስገባ ነበር። አሁን ፕላስተሩ ቆዳዋን ሰርስሮ ገብቷል። ከፋሻው በላይ በጣቶቿ ነካች። አንገቷ እንደተነፋ ኳስ ጠጥሯል።

መምህርቷ አየር ሳበች። ከጉሮሮዋ ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ በር ሥር እንደሚገባ ነፋስ ያለ። ከዚያ የሚጣን እጅ ለቀም አድርጋ ጨመቀችው። ያ ግድግዳ የሚበሳ ድምፅ የለም። በከንፈሯ ብቻ፣

"ልሞት ነው" አለች።

ሚጣ ክው አለች። ሰው አንገት ላይ መቀስ መጫን! ተሳስታስ ቢሆን? ሴትየዋ በእርግጥ ፈርታ ብቻ ከሆነ? የደህና ሰው ቁስል ከፍታ፣ ደም አፍስሳ፣ ቁስሉን ብታመረቅዝባትስ? ነገ ምን ብላ ትናገራለች? "ጠበባት መሰለኝ" ልትል ነው? ካልተሳሳተች ግን ይህች ሴት እዚህች አልጋ ላይ፣ ጠያቂ በሞላበት ክፍል፣ መለኪያው ጥሩ ቁጥር እያሳየ ታንቃ ልትሞት ነው።

የአደጋ ደወሉን ተጫነችው።

ጋሽ ቀስበሉ መጣ። "ምነው? ማስታገሻው—"

"ጋሼ፣ አንገቷን ንካው።"

"ቅድም እኮ አይቼው—"

"አይተኸዋል። ንካው!"

በሕይወቷ እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ነካው። ፊቱ አመድ መሰለ። አንዲት ቃል ሳይናገር የኦክስጅን ጭንብሉን አውርዶ መምህርቷ አፍና አፍንጫ ላይ አደረገና ስልኩን አነሳ።

ሐኪሙ ሌላ ሰው ሆድ ከፍቶ ነበር፤ ጥሎ መውጣት አይችልም። ሌላው ሐኪም ከግቢው ማዶ ካለው የተመላላሽ ሕንፃ እየሮጠ ነው አሉ። ኦፕሬሽን ክፍል ያለች ረዳት ስልኩን ሐኪሙ ጆሮ ላይ ያዘችለት፤ ጋሽ ቀስበሉም የራሱን ስልክ ድምፅ ለቆ አልጋው ላይ አስቀመጠው።

"ማን ነው አጠገቧ?" አለ ሐኪሙ።

"እኔ ነኝ ዶክተር... ሚጣ።"

"ምን ታያለሽ?"

"አንገቷ አብጧል፣ ጠጥሯል። ቱቦው ደም ማውጣት አቁሟል። መዋጥ አቅቷታል። ስትተነፍስ ያፏጫል።"

ሐኪሙ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

"ክፈቺው።"

"እኔ?"

"አንቺ። አሁኑኑ።"

ጓንት አጠለቀች። ባልየውን ከክፍሉ ማስወጣት ይገባ ነበር፤ ሴትየዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ግን አልነበረም። "ከጀርባዋ ይደግፏት፣ እንዳትወድቅ" አለችው። አልጋው ላይ ወጥቶ ሚስቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዛት፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሌሎቹ ጠያቂዎች እየተገፋፉ ወጡ። ጋሽ ቀስበሉ መጋረጃውን ሳበ።

ሚጣ የራስጌዋን ጥቅል ቀድዳ ከፈተች። ውስጧ የነበረው መቀስ አይደለም፤ በሽቦ የተሰፋ ቁስል የሚነቀልበት ቆንጣጭ ነው፣ ክር አይቆርጥም።

የመምህርቷ አንገት በሽቦ አልተሰፋም። በክር ነው የተሰፋው።

ያን ጥርስ የሌለው ቆንጣጭ ብረት ይዛ ድርቅ አለች። ምን እንደሚያደርግ እንደማታውቀው ሁሉ ታገላብጠዋለች። መምህርቷ ማፏጨቷንም አቁማለች፤ አሁን ትከሻዋ ብቻ ነው የሚወጣ የሚወርደው። አየር አይገባም። ከንፈሯ እንደ ቀለም ጠብታ ጠቆረ።

"መቀስ!" አለች ሚጣ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። "ጋሼ፣ መቀስ!"

ጋሽ ቀስበሉ እየሮጠ ነበር። የቁስል ማጠቢያው ጋሪ ከወዲያ ጥግ ነው፤ አንድ ወንበር ገልብጦ አለፈ። የታሸገ መቀስ ይዞ መጣ፤ በጥርሱ ቀደደና ሰጣት።

ፋሻውን ገነጠለችው። የስፌቱ መስመር ተወጥሮ ያብረቀርቃል። የመቀሷን ጫፍ ክሩ ሥር አስገብታ ቆረጠች። ቀጥላ ሌላውን። ቆዳው ራሱ ተገልጦ ተከፈተ፤ ጥቁር ደም በእጇ ላይ ፈሰሰ። አሁን ትተነፍሳለች ብላ ጠበቀች።

አልተነፈሰችም።

መለኪያው መጮህ ጀመረ። ያ ደህና ነው፣ ደህና ነው ሲል የዋለ ቁጥር አሁን እንደ ደረጃ እየወረደ ነው። የመምህርቷ ራስ በባሏ ትከሻ ላይ ዘንበል አለ።

"ዶክተር፣ ከፍቻለሁ! አልተሻላትም! አልተነፈሰችም!"

"ከሥሩ ሌላ ስፌት አለ" አለ ሐኪሙ። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር፤ ግን ይንቀጠቀጣል። ሚጣ እሱም እንደፈራ ያኔ ገባት። "ጡንቻው ላይ፣ መሃል ለመሃል ወደ ታች ይሄዳል። እሱን ቁረጪ።"

"አይታየኝም፣ ደም ነው!"

"በጎዙ ጨርቅ ጥረጊው። ካልታየሽ በጣትሽ ፈልጊው።"

ጠረገች። እንደገና ሞላ። ጣቷን አስገባች። የሰው አንገት ውስጥ ጣቷ ገብቶ አያውቅም፤ ይሞቃል፣ ይወጠራል። ከዚያ እንደ ጊታር ክር የተወጠረ ነገር ጣቷን ነካት። ይህ ክር ነው ወይስ ነርቭ? ወይስ ሌላ ነገር? ቢቆረጥ የማይመለስ ነገር ቢሆንስ? በጣቷ ጫፍ ተከተለችው፤ ቋጠሮ አገኘች። ነርቭ አይቋጠርም። የመቀሱን ጫፍ ከጣቷ ሥር አሾለከችና ቆረጠች።

ጉበት የመሰለ የረጋ ደም ተገፍቶ ወጣና አንሶላው ላይ ወደቀ።

መምህርቷ አየር ሳበች። እንደ ዛገ በር የሚጮህ፣ ረጅም፣ አስቀያሚ ትንፋሽ ነበር። ደገመች። ሳለች፤ ደሙ የሚጣ ፊት ላይ ተረጨ። እንደገና ሳበች።

"ምን ሆነች? ምን ሆነች?" አለ ባሏ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ተነፈሰች" አለ ጋሽ ቀስበሉ። "ተነፈሰች ወንድሜ፣ አትልቀቃት።"

"ዶክተር፣ ተነፈሰች" አለች ሚጣ ወደ ስልኩ። ከወዲያ ማዶ ሐኪሙ በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ።

ከተመላላሽ ሕንፃው ሲሮጥ የነበረው ሐኪም ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ደረሰ። አልጋውን እየገፉ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሮጡ፤ ሚጣ ቁስሉ ላይ ጎዝ እንደያዘች አጠገባቸው ሮጠች። በሩ ላይ ሌላ እጅ መጥቶ የእሷን እጅ ተካ። በሩ ተዘጋ። እሷ ከውጭ ቀረች።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ተቀመጠች። ባልየውም መጥቶ ተቀመጠ። ሸሚዙ በሙሉ ደም ነው። እጆቿን አየ።

"አንቺ ነሽ የቆረጥሻት?"

"አዎ።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ዶክተሩ... ሰምተውታል፣ ስልኩ ላይ..."

ተነስቶ ከወንበሩ ወዲያኛው ጫፍ ሄዶ ተቀመጠ። ሚጣ ምን ብላ ታስረዳዋለች? ራሷስ ምን ታውቃለች? ያ የቆረጠችው ክር ብቻ ነበር? ከክሩ ጋር ሌላ ነገር ነክታስ ቢሆን? ሴትየዋ ብትድን እንኳ ድምፅዋ ተቆርጦ ቢቀርስ? ዳግመኛ ክፍል ውስጥ ቆማ ልጅ ባትጠራስ?

ተነስታ መታጠቢያ ክፍል ገባች። ውሃውን ከፍታ እጇን ከሥሩ ያዘች። የገንዳውን ጠርዝ እንደያዘች አስመለሳት። ቀና ስትል በመስታወቱ ውስጥ ጋሽ ቀስበሉን በሩ ላይ ቆሞ አየችው።

"ቀድሜ ያየኋት እኔ ነኝ" አለ። "ፍርሃት ነው ብዬ ሄድኩ። እጄን እንኳ አላሳረፍኩባትም።"

"ቁጥሩ ደህና ነበር ጋሼ።"

"ቁጥሩ ደህና ነበር" አለ። ፎጣ አቀበላት።

ሌላኛውን በሽተኛ ጨርሶ ወደ መምህርቷ የገባው የራሷ ሐኪም ሲወጣ ቀኑ ገና አልመሸም ነበር፤ ለሚጣ ግን ዓመት መስሏታል። የታሰረች አንዲት የደም ሥር ቋጠሮዋ ተንሸራትቶ እንደነበር፣ መልሶ እንዳሰራት፣ እስከ ነገ የመተንፈሻ ቱቦ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደሚቆይ ለባልየው ነገረው።

"ድምፅዋስ?" አለች ሚጣ ከኋላ።

"ነርቮቹን አይቻቸዋለሁ፣ አልተነኩም። ስትነቃ እናያለን" አለ። ከዚያ ወደ ባልየው ዞሮ "ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የማወራዎት" አለው።

ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ቁጭ አለ። እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሚጣን አላመሰገናትም፤ ቀና ብሎም አላያት።

ያን ሌሊት አልተኛችም። ዓይኗን ስትጨፍን ያ የተወጠረ ክር ጣቷ ላይ ይመጣል። እናቷ ምን እንደሆነች ጠየቋት፤ ልትናገር ሞክራ ሆዷ ባባ። አጠገቧ ተቀመጡ፤ ያ ብቻ ነው ያደረጉት።

በማግስቱ ባልየው የክፍሉ በር ላይ ጠበቃት።

"ትናንት ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ ልጄ" አለ። "ፈርቼሽ ነው።"

"እኔም ራሴን ፈርቼ ነበር" አለች።

የመምህርቷ ቱቦ ሲወጣ ሚጣ የፅኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ቆማ መግባት አቃታት። ድምፅ ባይኖርስ ብላ ነው። መምህርቷ አየቻት፤ በእጇ ጠራቻት። ሚጣ ሄደች። መምህርቷ አፏን ከፈተች፤ የሻከረ፣ የሚቆራረጥ፣ ግን ድምፅ የሆነ ድምፅ ወጣ።

"እጅሽ... ቀዝቃዛ ነው" አለቻት።

ሚጣ ሳቀች፤ ወዲያው ለቅሶ ሆነባት። ሐኪሙ ድምፅዋ እየቆየ እንደሚስተካከል ነገራቸው። በእርግጥም ወደ ቤቷ በሄደች ቀን ባሏን ስትቆጣው ከበሩ ወዲህ ይሰማ ነበር፤ ግድግዳ ለመብሳት ግን ገና ይቀራታል።

የክፍሉ ሠራተኞች ተሰብስበው በነገሩ አንድ በአንድ ተወያዩበት። ጋሽ ቀስበሉ ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ መታጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ለሚጣ የነገራትን በሰው ሁሉ ፊት ደገመው። ማንም ጣቱን አልቀሰረበትም። የክፍሉ ኃላፊ በየራስጌው ያሉትን ጥቅሎች በሙሉ አስወርዳ አስከፈተች፤ ግማሾቹ ለሽቦ ስፌት የተዘጋጁ ሆነው ተገኙ። ሁሉም ውስጥ መቀስ እንዲገባ ተደረገ። ሐኪሙም መጥቶ እንደ ቆዳና ጡንቻ ሁለት እጥፍ ሆኖ በተሰፋ ጨርቅ ላይ ነርሶቹን በተራ አስቆረጣቸው፤ አሁን "እሺ ዶክተር" ብሎ መሄድ የለም።

ሚጣ ግን አልጀገነችም። በሚቀጥለው የኦፕሬሽን ቀን እንቅርት ያላት አንዲት ወጣት ሴት ስትገባ፣ ጋሽ ቀስበሉን "ይችን አንተ ያዛት፣ እኔ አልችልም" አለችው።

"እሺ" አለ። አልተከራከራትም።

ሴትየዋ ከኦፕሬሽን ስትመለስ ግን ሚጣ ሌላ አልጋ ላይ እየሠራች ዓይኗ አልነቀል አለ። በመጨረሻ ጋሽ ቀስበሉን "ተወው፣ እኔው ልያዛት" አለችና ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። አንገቷን ነካች፤ ለስላሳ ነው። ጣቷን ፋሻው ሥር አስገባች፤ ይገባል።

"ስሚኝ እህቴ" አለቻት። "አንገቴን ጠበበኝ፣ መዋጥ አቃተኝ፣ ወይም ዝም ብዬ ፈራሁ ካልሽ፣ ይቺን ደወል ተጫኚ። ለምን ጠራሽኝ የሚልሽ የለም።"

"ያስፈራል እንዴ?" አለች ወጣቷ።

ሚጣ ልትዋሽላት አሰበችና ተወችው።

"አዎ፣ ትንሽ። ለዚህ ነው የተቀመጥኩት።"

የዚያን ቀን ከሰዓት ደወሉ ተደወለ። ሚጣ የያዘችውን ጥላ፣ ልቧ አፏ ደርሶ፣ በአልጋዎቹ መሃል ሮጠች። ወጣቷ ትራሷ ወድቆባት ነው። አነሳችላት፤ አንገቷንም ነካች፤ ተመለሰች። ገና መቀመጫዋ ሳትደርስ እንደገና ተደወለ።

ዞራ ሮጠች።